«ስንት ሰው አመነ?» አትበሏቸው

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያለው የቤተ ክርስቲያናችን የቤት ኅብረት ውጭ አገር ያሉ አንድ ባልና ሚስት ሚሲዮናውያንን ይደግፋል። አገሩን አልጽፍም፤ እስያ ነው፣ ይበቃል። እዚያ ሰባኪ መሆን ከአገር ያስባርራል። በቴሌግራም ስንጻጻፍ «ቤተ ክርስቲያን» አንልም። «ቤተሰቡ ሰላም ይላችኋል» ብለን እናልፋለን።

የኅብረቱ ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ። በየወሩ ቃል የገቡትን አሰባስቤ ለቤተ ክርስቲያናችን የሚሲዮን ክፍል አስረክባለሁ። ብሎካችን ሥር እንጀራ የሚሸጡት እማማ ሳይጠየቁ ያመጣሉ። የሚያስለምኑኝ መኪና ያላቸው ናቸው። (ይኸው ተናገርኩት።)

ዋናው ራስ ምታት ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። እኛ የምናዋጣው ያው ነው፤ እነሱ እጅ ሲደርስ ግን ግማሽ ሆነ። አንድም ቀን አላጉረመረሙም። ቤት መቀየራቸውን ያወቅነው በቪዲዮ ስናወራ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ሌላ ሆኖብን ነው። ጠባብ ክፍል ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ መዋጮውን በየሦስት ወሩ በዶላር አስበን እንከልሳለን። መጨመር ያልቻለ ሰው ካለም ቀደም ብለን እንነግራቸዋለን። ኪራይ የሚከፍል ሰው የሚጎዳው ሳያስበው ሲጎድልበት ነው።

ሽሮና በርበሬ በመንገደኛ እንልካለን። እሱ አያስቸግርም፤ ሐበሻ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይጠፋም።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። በቀደም ስብሰባ ላይ አንድ ወንድም ተነስቶ፣ «ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ለመሆኑ ስንት ሰው አመነ?» አለ። ሁለት ዓመት! ጠዋት ጠዋት ቋንቋ ይማራሉ። ከሰዓት እሷ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሻይ ትጠጣለች። ሻዩ ራሱ ሥራ ነው። ጫማ የት እንደሚወልቅ፣ በየትኛው እጅ እንደሚቀበሉ፣ ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚለቀስ የሚታወቀው እዚያ ነው። ከዚህ ሪፖርት እንዲደምቅ ከተጫንናቸው ወይ ይዋሻሉ፣ ወይ ተቻኩለው የሰፈሩን ሰው ያስቀይማሉ።

አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ አዶኒራም ጀድሰን በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) የገባው እ.ኤ.አ. በ1813 ነው። የመጀመሪያውን በርማዊ ያጠመቀው በ1819። በነዚያ ስድስት ዓመታት አሜሪካ ሆነው ገንዘብ ይልኩ የነበሩት ሰዎች ምን ሪፖርት ሲያነቡ ነበር?

ሩቅ ከሆነ የራሳችንን ላንሳ። የስዊድን ሚሲዮናውያን ወደ ኦሮሞ ሕዝብ እንሄዳለን ብለው ምጽዋ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። መንገዱ ተዘጋባቸው። ብዙዎቹ እዚያው ቆላ በበሽታ አለቁ። ዓመታት ነጎዱ። ነገር ግን ከባርነት ነጻ የወጣው አናሲሞስ ነሲብ የተማረው እነሱ ዘንድ ነው። አስቴር ጋኖ እያገዘችው የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ከምጽዋ እስከ ኅትመቱ 33 ዓመት መሆኑ ነው። ስዊድን ገጠር ሆኖ ሳንቲም ያዋጣ ገበሬ ፍሬውን ሳያይ ሞቶ ይሆናል። ያ ወንድማችን ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ዓመት መዋጮውን ያቆም ነበር።

ይህን ስብሰባው ላይ ብዬዋለሁ። ትንሽ ተኮሳተረ፣ ግን መዋጮውን አላቋረጠም፤ እግዜር ይስጠው።

አሁን ስንደውል የምንጠይቀው ሌላ ነው። እንቅልፍ ትተኛላችሁ? ተጣልታችኋል? ልጁ ጓደኛ አገኘ? ባለፈው እናትየው ልጁ አማርኛ ማንበብ እየረሳ መሆኑን ስትነግረን ድምጿ ተቆራረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ አልገባኝም። የተረት መጻሕፍት ገዝቻለሁ፣ ቀላል ናቸው፣ ሁለት ኪሎ አይሞሉም። ወደዚያ አቅጣጫ የሚበር የምታውቁት ሰው ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቦሌ ድረስ እኔው አመጣለሁ።