የጎመኑ ኩሬ

ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። በልጉ ሁለት ዓመት በተከታታይ ቀርቶብን ነበር። የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሳንቲ ሜትር በታች ወርዶ 11.5 ላይ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ መካከለኛ የምግብ እጥረት ያለበት፣ እኛ "ቢጫ" የምንለው ሕፃን በየወሩ ይበዛል። ግብርናዎች "ክረምቱን ውኃ የሚይዝ ኩሬ እናስቆፍር፣ እናቶች በበጋ ጎመንና ካሮት ያልሙበት" ሲሉ በደስታ ፈረምኩ።

ሠመረ። ጎመኑ ታየ፣ ቆስጣው ታየ። ፎቶ አንስቼ ለዞን ላክሁ፣ ተጨበጨበልኝ።

የካቲት ላይ የጤና ኬላዋ ልጅ ደወለች።

"ጋሼ፣ የወባ መመርመሪያ አልቆብናል።"

"ባለፈው ሳምንት የላክንልሽስ?"

"እሱ ነው ያለቀው።"

የካቲት እኮ በእኛ ወረዳ የወባ ወር አይደለም! በማግስቱ ሄድኩ። ኩሬው ራሱ ብዙም ችግር አልነበረበትም፤ ጉዱ ከግድቡ በታች ነው፣ ውኃው ሾልኮ በከብት ኮቴ ፋና ውስጥ ተጠራቅሟል፣ ፀሐይ አሙቆታል፣ እጭ ይርመሰመስበታል። አገራችን ውስጥ ወባ በዋናነት የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ እንዲህ ያለ ትንሽ፣ ፀሐይ ያገኘው ውኃ ትወዳለች። ያመመኝ ግን እሱ አይደለም። ጎመኑ ካማረባቸው ቤቶች አንዳንዶቹ ውስጥ የልጆቹ ክንድ ተመልሶ ቢጫ ገብቷል። ትኩሳት የያዘው ልጅ መቼም ጎመን ቀረበልህ ቢሉት አይበላም።

የሚያሳፍረው፣ ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ከባልደረቦቻቸው ጋር ትግራይ ውስጥ አጥንተው በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍ አለ፤ ትንንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ራቅ ካሉት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ይያዙ ነበር። የወባው ባለሙያችን ጠረጴዛ ደግሞ ከእኔ ጋር ጎን ለጎን ነው። ስለ ኩሬው የሰማው ከፎቶዬ ነው። "ምናለ ብትነግረኝ?" አለኝ፣ ምን ልበለው?

ኩሬውን አልደፈንነውም፤ ድርቁ እንደሆነ ተመላልሶ ይመጣል። የሚያሾልከውን አስጠገንን፣ ኮቴ ፋናውን በየሳምንቱ በአፈር ማስሞላት ጀመርን፣ አጎበር ቀድሞ ለእነዚያ ቤቶች እንዲደርስ አደረግን። የኩሬ ቅጹ ላይም ለወባ ባለሙያው አንድ የፊርማ መስመር አስጨመርኩ።

የግብርናው ሰውዬ ቅጹን አይቶ "ጎመንን ደግሞ ከወባ ጋር ምን አገናኘው?" አለ። የጤና ኬላዋን መዝገብ ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። አገላበጠው፣ አገላበጠውና "ሰኞ እንነጋገር" አለኝ።