ጣናን በሸራ፣ ለቦቲ ጫማ

ጣናን ዳር ዳሩን በጀልባ እንዙረውና ብር እንሰብስብ ያለው ጓደኛዬ ነው፣ እኔን የጨመረኝ ዋና ስለምችል ብቻ ይመስለኛል። ጊዜው 2011 ጥቅምት ነው፣ እምቦጭ የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳር አልብሶት ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅል ነበር፣ ያውም በባዶ እግሩ፣ አልቅቱ አለ ቢልሃርዚያው አለ። እና ሰው በየኪሎ ሜትሩ ይቺን ያህል ብር ቃል ይግባልን፣ እኛ እንቅዘፍ፣ በብሩ ዳር ላይ ለሚጎትተውና ለሚሸከመው ቦቲ፣ ለሁሉም ደሞ ጓንት እንገዛለን አልን። ፌስቡክ ላይ ለጠፍነው፣ ላይኩ ጎረፈ፣ ጀግኖች ምናምን ተባልን።

የጀልባዋ ባለቤት ባሕር ዳር ተወልደው ሐይቁ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው ምንላቸው። ጀልባዋ የእንጨት ናት፣ ሞተር የላትም፣ ሁለት መቅዘፊያና ጋሼ ከጭነት መኪና ሸራ ቆርጠው የሰፏት የምታሳፍር ሸራ አላት። ሸራዋ ግን ሠርታለች፣ ልዋሽ አልችልም።

ጣና ፎቶ ላይ የምታዩት ዓይነት ሐይቅ የሚሆነው ጠዋት ብቻ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ስትነሱ ከመሬት ወደ ውሃ የሚሄድ ቀስ ያለ ነፋስ አለ፣ ጋሼ ሸራዋን ዘርግተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ እኛም እንቀመጣለን፣ ኪሎ ሜትሩ በነፃ ይቆጠራል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ግን መሬቱ ይግላል፣ ነፋሱ ዞሮ ከሐይቁ ወደ ዳር ይመጣል፣ ያኔ በቃ። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር የሆነ ሐይቅ ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ አይዘልም፣ ስለዚ ሞገዱ አጭርና ተደራራቢ ነው፣ ጀልባዋ ከአንዱ ሳትወርድ ሌላው ይደርሳል። ጋሼ ከሰዓት ንቅንቅ አይሉም፣ ለምን ስንላቸው "የሄደውን ጠይቁት" ነው መልሳቸው። እኔ ደሞ መጠበቅ አልችልም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንኳ ሦስቴ ቦታ ምቀይር ሰው ነኝ፣ እና የከሰዓቱ ጥበቃ ከቀዘፋው በላይ አደከመኝ።

ዘጌ ሳንደርስ አንድ ታንኳ ቀደመን። ከደንገል የተሠራ ታንኳ፣ ማገዶ ተከምሮበት፣ ጣና ዳር ከሚኖሩት ከነገደ ወይጦ አንድ ሰውዬ በቀርቀሃ እየገፋው፣ እኛ ሁለት መቅዘፊያ ይዘን። ሰላም አለንና ወዴት ናችሁ አለ። ሐይቁን ልንዞር አልነው። "ባሕር ዳር ሞተር ሞልቶ የለ?" አለ። ጓደኛዬ አስረዳው፣ ሰው በኪሎ ሜትር ብር እንደሚሰጠን፣ ብሩ ለእምቦጭ ነቃዮች እንደሚውል። ሰውዬው ትንሽ አሰበና "ብሩ ካላቸው ለምን ዝም ብለው አይሰጡም? እናንተ ካልደከማችሁ ኪሳቸው አይከፈትም?" አለን። ጓደኛዬ ስለ ግንዛቤ ማስጨበጥ ምናምን ሲጀምር ታንኳው ርቆ ሄዷል።

ከዘጌ እስከ ቁንዝላ ምንም የለም፣ ቀዘፍን፣ ደረስን። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ገብቼ ሥዕሎቹን አይቻለሁ፣ ግን እጄ ላይ ያበጠውን ውሃ የቋጠረ ነገር እያየሁ ስለነበር ብዙ አላወራም።

ከቁንዝላ ወዲያ ያደርንባት ሌሊት ግን... ድንኳናችንን የተከልነው ሣሩ የተደፈጠጠ ለጥ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ ኮርቼበትም ነበር። ጋሼ መጡና ነቅላችሁ ተነሱ አሉን። ለካ የጉማሬ መንገድ ነው። ጉማሬ ማታ ከውሃ ወጥቶ ሣር ሲግጥ አድሮ በዚያው በለመደው መንገድ ነው ሚመለሰው፣ በእሱና በውሃው መሀል ከተገኘህ አለቀልህ። ወደ ድንጋዩ ዞርን፣ ድንጋዩ ላይ ድንኳን አይተከልም፣ አጎበሩን በመቅዘፊያ ወጠርነው፣ ቢምቢው በየት እንደገባ እንጃ። ሌሊት እዚያ የተውነው ቦታ ላይ የሆነ ትልቅ ነገር ሲተነፍስ ይሰማል፣ ሣር ሲቀነጥብ ይሰማል፣ ጓደኛዬ ቀስ ብሎ "ጋሼ ተኝተዋል?" ይላል፣ ጋሼ ያንኮራፋሉ። እስኪነጋ ዓይኔን አልከደንኩም።

ደልጊ አካባቢ ስንደርስ ሦስት ቀን ያላረፈ ሰው ነው ምመስለው። አንዲት እናት ልብስ ሊያጥቡ ዳር ወርደው አዩኝና "ውይ ልጄ፣ ምን አሳደደህ?" አሉ። ቤታቸው ወሰዱን፣ እግር አጠቡን፣ ሽሮ በቃሪያ አቀረቡ፣ እኔ እንጀራው እጄ ላይ እያለ ተኛሁ አሉኝ። ስንወጣ ጓደኛዬ ብር ሊሰጣቸው ቢል ተቆጡ፣ በጣም ነው የተቆጡት፣ እስካሁን ስናነሳው እናፍራለን።

የነጋታው ደሞ ተቃራኒው። ስሙን የማልጠራው ወደብ ላይ አንድ ልጅ ደረሰኝ መሰል ብጣሽ ወረቀት ይዞ መጣና የጀልባ ማሳደሪያ 500 ብር አለን። ማኅተም የለው ቁጥር የለው። ለበጎ አድራጎት ነው ብንለው "ለበጎ ከሆነማ አትከራከሩም" አለ፣ መልስ አጣሁለት። 200 ከፈልን። 300ውን ስለተረፈ ደስ ሊለኝ ሲገባ ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ቆሜ ራሱ ስለ 200ው ነበር የማስበው።

ከመገጭ ወንዝ መግቢያ ጀምሮ እምቦጩ መጣ። ሰው እምቦጭ ሲል አረም ይመስለኝ ነበር፣ ሜዳ ነው እኮ። አረንጓዴ ሜዳ፣ ላዩ ላይ ሐምራዊ አበባ፣ ማማሩ ነው የሚያናድደው። መቅዘፊያው ይገባል አይወጣም፣ ሸራዋ ነፋስ ሞልታ ጀልባዋ ግን ካለችበት ፈቀቅ አትልም፣ ከፊታችን እየነቀልን፣ በእጃችን እየሳብን፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ታግለን ጂፒኤሱን ሳየው አንድ ኪሎ ሜትር አልሞላም። ያኔ ነው የበሰጨሁት። ጋሼ ሸራ ዘርግተው እኔ ዳቦ እየበላሁ ያለፍነው ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ሃያ እጥፍ ይከፈልበታል፣ ይሄ ደም ያስተፋን ግን የአንድ ኪሎ ሜትር ሒሳብ ነው። ማን እንዳወጣው የማይታወቅ ታሪፍ!

ፎገራ ላይ ያወጡን ገበሬዎች ናቸው፣ ገመድ ወርውረው ጎተቱን። እነሱ ነቅለው ዳር የከመሩት ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ተክሉ ግን ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ደሞ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ጓደኛዬ ለቦቲና ለጓንት ብር እያሰባሰብን ነው ሲላቸው አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ወደ ጀልባዋ አንገታቸውን አስግገው "የታለ ቦቲው?" አሉ። ስልኩን አውጥቶ ቃል የተገባውን ድምር አሳያቸው። "እዚህ ውስጥ ነው ያለው?" አሉ፣ የምራቸውን ነው። ጋሼ በሳቅ ሊወድቁ።

ባሕር ዳር ገባን፣ ተጨበጨበልን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ከዚያ ዋናው ጉዞ ተጀመረ፣ ስልክ መደወል። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ደሞዝ ሲወጣ፣ ኪሎ ሜትሩን ያረጋገጠው ማነው? ብዙ ቃል የገባው ሰውዬ እምቦጩን ስትዞሩ የሄዳችሁት ትርፍ መንገድ ይቆጠራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተከራክሬ አስቆጠርኩት። ብቻ ግማሽ የሚሆነው ገባ።

ቦቲውን ባሕር ዳር ገዝተን በአይሱዙ ወሰድነው፣ በወረታ በኩል፣ ጠዋት ወጥተን ምሳ ሳይደርስ ፎገራ ነበርን። ሱቁ ውስጥ በብዛት የነበረው 44 ቁጥር ነው፣ ሽማግሌው እግራቸው ቢበዛ 40 ቢሆን ነው፣ አጠለቁትና ወዲያ ወዲህ አሉበት፣ ጫማው ወደፊት ሲሄድ እሳቸው ወደ ኋላ ይቀራሉ። "ጨርቅ እጠቀጥቅበታለሁ" አሉ። ከዚያ አይሱዙውን አየት አድርገው "በመኪናም ይመጣል ለካ?"