ክፍሉን ላጸዳ ገብቼ

አማቴ ቅዳሜ ከይርጋለም ይመጣሉ ተባለ። የሰማሁት ሐሙስ ማታ ነው። ባለቤቴ ጫማውን እያወለቀ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «እማዬ ከነገ ወዲያ ትመጣለች፤ የጓሮው ክፍል ቢጸዳ ጥሩ ነው» አለኝ።

የጓሮው ክፍል ማለት የእኔ የእጅ ሥራ ክፍል ነው። ውስጡ አልጋ እንዳለ የምናውቀው ስለገዛነው ብቻ ነው። ከላዩ ያልተሰፋ ጨርቅ፣ የጥለት ቁርጥራጭ፣ የሱፍ ክር፣ ሦስት ጣሳ ሙሉ ቁልፍና «አንድ ቀን ይጠቅማል» የተባለ ነገር ሁሉ አለ። ሐዋሳ ውስጥ እንደ እኔ ባዶ የክብሪት ቀፎ የምታጠራቅም ሴት ካለች ትንገረኝ፤ እንለዋወጣለን።

አርብ ጠዋት መጥረጊያ ይዤ ገባሁ። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ በጣም ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ አንዱ የቁልፍ ጣሳ ተደፋብኝ። ተንበርክኬ ስለቅም አንዲት ነጭ ዶቃ እጄ ገባች። አገላብጬ አየኋት። ቁርጥ ሲኒ!

እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው።

የስምንት ዓመት ልጄ ማሚቱ የምትባል አሻንጉሊት አለቻት። ከጫማ ካርቶን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርተንላታል፤ ዕቃ ግን የላትም። ቤት ሠርቶ ዕቃ ማጣትን እኛም ስለምናውቀው አንጀቴን በላችኝ። «አምስት ደቂቃ ብቻ» አልኩና መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፍኩት። እስከ ማታ እዚያው ቆሟል።

የአሻንጉሊት ቤት ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ልኬት አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። የእውነተኛውን ዕቃ ርዝመት ለ12 ማካፈል ነው። 60 ሴንቲ ሜትር እንጀራ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 24 ሴንቲ ሜትር ጀበና 2። እንጀራውን ከስፖንጅ በምላጭ ስስ አድርጌ ቆረጥኩና ሻይ ውስጥ ነከር አደረግኩት። ዓይኑ ሲያምር! እውነተኛው ምጣዴ እንዲህ ዓይን ያወጣልኝ ቀን ትዝ አይለኝም። የውሃ ፕላስቲክ ክዳን በጥለት ክር ጠምጥሜ መሶብ አደረግኩት። ረከቦቱ ከክብሪት ቀፎ፣ እግሩ ከክብሪት እንጨት።

እንግሊዞች እንኳን ንጉሣዊ አድርገውታል። ዊንዘር ቤተ መንግሥት ያለው የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1924 ያለቀ ነው። በዚሁ በአንድ ለአሥራ ሁለት የተሠራ ሆኖ መብራቱ ይበራል፣ አሳንሰሩ ይወጣል ይወርዳል፣ ከቧንቧው ውሃ ይወርዳል። እኔ ዘንድ ትልቁም ቤት ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ስለሆነ ማሚቱ በጀሪካን ትታገሥ ብዬ አለፍኩት።

ቀጥሎ ዳቦ አማረኝ። ለማሚቱ ማለቴ ነው። ለዚህ የሚሆን የጨው ሊጥ አለ፦ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ውሃ። አዎ፣ አንድ ኩባያ ሙሉ ጨው። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የሱቁ ዳቦ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የማሚቱ አንድ ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። እየቆረጥኩ አድበለበልኩ፣ አድበለበልኩ፣ ሊጡ ግን አላልቅ አለ። 300 ላይ መቁጠር አቆምኩ። በትንሽ እሳት አደረቅኩት፣ በወፍራም ሻይ ቀባሁት፣ በሰፌድ አድርጌ በረንዳ ላይ አሰጣሁት።

ማታ ባለቤቴ እየሳቀ እንዳስረዳኝ፣ ርዝመቱ በ12 ሲያንስ ሊጡ የሚያንሰው በ12 አይደለም። አሥራ ሁለት ጊዜ አሥራ ሁለት ጊዜ አሥራ ሁለት ነው። ከአንድ ዳቦ ሊጥ 1,728 የማሚቱ ዳቦ ይወጣል። ጠዋት ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ሰፈራችን ለሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ጦጣ ቤተኛ ነው። መስኮት ከፍቶ መውጣት ሙዝን በፊርማ ማስረከብ ማለት ነው። አንዱ ከአጥር ዘሎ ሰፌዱ ላይ ዐረፈ። አንድ ፍሬ አንስቶ ቆረጠም አደረገ። ቀና ብሎ አየኝ። እንትፍ! ሌላም ሳይነካ ሄደ። ሐዋሳ ውስጥ ጦጣ እምቢ ያለው ምግብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

እኔ ወደ ረከቦቴ ተመለስኩ። አራተኛውን እግር በሱፐር ግሉ ሳጣብቅ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴም አብረው ተጣበቁ። ረከቦቱ መሃል ላይ። በዚያው ቅጽበት በር ተንኳኳ።

አማቴ! በአንድ ቀን ቀድመው!

«መኪና አግኝቼ ነው» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ሊጥ እንደነካው ሰው ክንዴን ሰጠኋቸውና ጉንጫቸውን ሳምኩ። ጣቶቼን ከኋላዬ ደብቄያለሁ። «እማዬ፣ በረንዳው ላይ አረፍ ይበሉ፣ መጣሁ» ብዬ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ሱፐር ግሉን የሚያላቅቀው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ነው። ጠርሙሱን ለማግኘት አምስት ደቂቃ፣ ለመላቀቅ ሌላ አሥር።

ስወጣ አማቴ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«ዳቦ ቆሎሽ ጠንከር ይላል» አሉኝ። «የጾም ነው አይደል?»

ዱቄት፣ ጨው፣ ውሃ፣ ሻይ። «አዎ፣ የጾም ነው» አልኩ። በዚያ ቀን ከተናገርኩት ውስጥ ንጹሕ እውነት ይቺ ብቻ ናት። ደግነቱ ቫርኒሽ አልቀባሁትም ነበር።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? «እማዬ፣ እሱ የአሻንጉሊት ነው፤ ጦጣ እንኳን ተፍቶታል» ይባላል? የጦጣውን ነገር እስከ ዛሬ ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ውሃ አመጣሁላቸው። ጠጡ። ደገምኩ። ጠጡ። ሦስተኛውን ብርጭቆ ሲያስቀምጡ፣ በጣም በጨዋ ደንብ፣ «ልጄ፣ እናንተ ዘንድ ጨው ረከሰ እንዴ?» አሉኝ።

«ቆይ ሌላ ላምጣልዎት» ብዬ ሰፌዱን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ልጄ ከትምህርት ቤት ገባች። አያቷን ሳመች። ሰፌዱን አየች። ስለ ዳቦው እንኳን የነገራት የለም፤ ግን የማሚቱ የሆነ ነገር ሁሉ ይሸታታል።

«እንዴ! የማሚቱን ዳቦ ማን በላው?»

አማቴ አፋቸው ውስጥ ያለችውን ወደ ጉንጫቸው አሸሹ። «ማሚቱ ማናት?»

ልጄ ሮጣ አሻንጉሊቷን ከነቤቷ አመጣች። አማቴ ማሚቱን አዩ። ሰፌዱን አዩ። እኔን አዩ። ጉንጫቸው ውስጥ የነበረችውን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ። መሬት ብትከፈት ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው! እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ቤቷ ጠጋ አድርገው ረከቦቱን በሁለት ጣት አነሱ። «ቄጠማ ሳትጎዘጉዢ ነው እንዴ ቡና የምታፈይው?» ብለው ተቆጡኝ። አረንጓዴ የሱፍ ክር አስመጥተው በመቀስ እየቆራረጡ ሲጎዘጉዙ መሸ።

ክፍሉ አልጸዳም። አማቴ ሦስቱንም ሌሊት ከልጄ ጋር ተኙ።

ሰኞ ጠዋት ሊሄዱ ሲሉ እውነተኛ ዳቦ ቆሎ ሠርቼ በፌስታል ቋጠርኩላቸው። ተቀበሉኝ። ፌስታሉን ፈታ አድርገው አንድ ፍሬ አወጡ። ወደ አፋቸው ሊወስዱ ሲሉ ቆም አሉና ወደ ልጄ ዞሩ።

«ይሄኛውስ የሰው ነው?»