ካራክ ለፍስክ፣ ሱለይማኒ ለጾም

ዱባይ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ማዳም ልጆቿንና እኔን ጭና ወጣች። አንዲት ጠባብ ሱቅ ፊት ለፊት መኪናዋን አቆመችና ክላክሱን ሁለቴ ተጫነችው። ድሬ ቢሆን ሰው ደጃፍ ላይ እንዲህ ክላክስ ማድረግ ጠብ መፈለግ ነው። እኔ በሰው አፍሬ መቀመጫዬ ላይ ተኮማተርኩ። ከሱቁ አንድ ቀጭን ልጅ እየሮጠ መጣ። ማዳም አራት ጣቷን አሳየችው። ምንም ሳይጠይቅ ተመልሶ ሮጠ። ትንሽ ቆይቶ በመስኮቱ አራት የወረቀት ኩባያ ገባ። አራተኛው የኔ ነበር።

ካራክ ሻይ የሚሉትን ያን ቀን ቀመስኩ። ምላሴን አቃጠለኝ። ጣፋጭነቱ ለጉድ ነው። ሄሉ አፍንጫ ድረስ ይወጣል። እኛ ቤት ሻይ በወተት የምንለው ነገር ከዚህ ጋር ሲተያይ ውሃ ነው፣ እናቴ አትስማኝ እንጂ።

ኮንትራቴን ስጨርስ ያቺ ሱቅ የት ሰፈር እንዳለች እንኳ አላውቅም ነበር። ብቻዬን ወጥቼ አላውቅማ! ሁለት ዓመት ከተማውን ያየሁት በመኪና መስኮት ነው። በኋላ ሥራ ቀየርኩ። አሁን በአንድ ኩባንያ ሥር ቢሮ አጸዳለሁ። የምኖረው ዴይራ፣ ናይፍ አካባቢ፣ ቤድ ስፔስ ተከራይቼ ነው። በአንድ ክፍል ስድስት ሴቶች ነን፤ የኔ የሚባለው አልጋዬና ከአልጋዬ ሥር ያለችው ሻንጣ ናት። ዴይራ ለሐበሻ ጥሩ ሰፈር ነው። እንጀራው አለ፣ በርበሬው አለ፣ ቡናው አለ። ግን ምግብ ቤት ገብቼ በያይነቱ ባዘዝኩ ቁጥር ወደ ቤት ከምልከው ላይ ነው የሚቀነሰው። ስለዚህ ሽሮዬን ራሴ እየሠራሁ አንድ ዓመት ሙሉ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት።

አንድ ማታ ከአውቶቡስ ወርጄ ስሄድ ሄል ሸተተኝ። ዞር ብል ያችው ሱቅ! ያችው ማለቴ ዓይነቷ። ለካ በየመንገዱ ጥግ አለች። ስሟ "ካፍቴሪያ" ነው። እኛ ካፍቴሪያ ስንል ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ኬክ ይታየናል። የዚህ አገር ካፍቴሪያ ግን አንድ መስኮት፣ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ ከላይ ደግሞ ፎቶ የሞላበት የምግብ ዝርዝር ነው። ባለቤቶቹና ሠራተኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ የመጡ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አፈላሉን ቆሜ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ውሃ ላይ የደቀቀ የሻይ ቅጠል ይጨመራል፣ የተወቀጠ ሄል፣ ስኳር ያለ ስስት። ከዚያ የቆርቆሮ ወተት። ገንፍሎ ሊወጣ ሲል እሳቱን ይቀንሰዋል፤ እንደገና ይለቀዋል፤ እንደገና ይቀንሰዋል። ቀለሙ የጭቃ ሸክላ እስኪመስል ድረስ። ቀጥሎ ከአንዱ ማንቆርቆሪያ ወደ ሌላው ክንዱን እስከ ራሱ በላይ ዘርግቶ ይገለብጠዋል፣ ጠብታ አያፈስም። ካራክ ማለት በህንድኛ (በሂንዲ) "ጠንካራ" ከሚለው የመጣ ነው። የቆርቆሮው ወተትም ምክንያት አለው፤ በዚህ ሙቀት ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ትኩስ ወተት የት ይቆያል? የዚህ አገር ሰዎች ከህንድ ጋር ያላቸው ነገር ድሮም የቆየ ነው። ገንዘባቸው ድርሃም የመጣው በ1973 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ እዚህ ባሕር ዳርቻ የሚገበያዩት በህንድ ሩፒ ነበር።

ዋጋው ለረጅም ጊዜ አንድ ድርሃም ነበር። አሁን ብዙ ቦታ አንድ ከሃምሳ ሆኗል፣ ሁለትም የገባበት አለ። ያም ሆኖ በዚህ ከተማ እኔ ሳልሳቀቅ "ስጠኝ" የምልበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ የግንባታ ሠራተኞች አሉ፣ የታክሲ ሹፌር አለ፣ ነጭ ቀሚሱን የለበሰ ባለ ላንድክሩዘር አለ። የሁሉም ኩባያ አንድ ነው። ባለ ላንድክሩዘሩ ብቻ አይወርድም፣ ክላክስ ያደርጋል። እኔ አሁን ክላክስ ስሰማ አልደነግጥም። እንዲያውም ልጁ ካልሰማ "ባያ፣ ሰውዬው ይጠራሃል" እላለሁ፤ ባያ ወንድሜ ማለት ነው።

ከሻዩ ቀጥሎ ወደ ቂጣው ገባሁ። ፖሮታ ይሉታል። ድሬ ያደገ ሰው ሲያየው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ "አቦ፣ ይሄ ፈጢራ አይደል እንዴ!" ሊጡን እንደ መሐረብ አየር ላይ እያወናጨፉ ይስቡታል፣ አጥፈው ይጠቀልሉታል፣ ብረት ምጣድ ላይ ይጥሉታል። ሲበስል በሁለት እጃቸው ከጎንና ከጎን ያጨበጭቡበታል፣ ድሩ እንዲፈታታ። የኛ ፈጢራ እንቁላልና ማር ያርፍበታል፣ የእነሱ ባዶውን ነው። ባዶ ስለሆነ የጾም ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁዳዴን ከግማሽ በላይ በፖሮታ ጾምኩ፤ ማለትም ጾምኩ ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ጠዋት ቀደም ብዬ ስደርስ ልጁ ሊጥ እያቦካ ነው። ዱቄቱ መሐል ጉድጓድ ሠርቶ እንቁላል ሰበረበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እኔ ቆሜ እቆጥራለሁ።

ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። "አውቀሽ አይደለም" አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው፣ "አሁን ግን አውቀሻል።"

ሱለይማኒን ያስተዋወቀኝ ይሄ ጉድ ነው። በማግስቱ ሄጄ "ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቅቤ የለም፣ ምን አለህ?" አልኩት ሽማግሌውን ሻይ አፍይ። በእንግሊዝኛም በአረብኛም በእጅም። በደንብ አሰበና አንድ ትንሽ ብርጭቆ ሞላልኝ። ቀይ ሻይ ነው፤ ሄል አለው፣ ቅርንፉድ አለው፣ ከላይ ሎሚ ተጨምቆበታል። አንዴ ፉት ስል እናቴ ቤት ነኝ። ስሙ ሱለይማኒ ነው ሲለኝ ሳቅኩ። ሱለይማን ማለት እኮ የኛው ሰለሞን ነው። "የባሏ ሻይ" ብለን የክፍል ጓደኞቼ ጋር እስካሁን እንቀልድበታለን፣ የንግሥት ሳባን ማለታችን ነው። አብሮት የሚበላም ተገኘ፤ ድንች የገባበት ሳምቡሳ፣ እንዲሁም ከክክ የሚሠራ ጥርስ የሚፈትን ጥብስ፣ ፓሪፑ ቫዳ ይሉታል። የኛን የምስር ሳምቡሳ አይተካም። ድንችን በሊጥ ጠቅልሎ መጥበስ ለኔ አሁንም ዳቦ በዳቦ ነው። ግን ይበላል።

ለአባቴ ስልክ ላይ ይሄን ስነግረው ሳይታሰብ ወሬው ሞቀ። ሒሳብ ያስተማረው ከኬረላ የመጣ ህንዳዊ ነበረ ለካ። በዚያ ዘመን ብዙ የህንድ አስተማሪዎች አገራችን ነበሩ። "ከረባት ሳያስር ክፍል ገብቶ አያውቅም" አለኝ። ይሄንኑ ለሽማግሌው ስነግረው ደስ አለው። የሰውዬውን አውራጃ ጠየቀኝ። አባቴ የሚያውቅ ይመስል!

የክፍል ጓደኛዬ ከወሎ ናት፣ ከኔ የበለጠ ደፋር። አንድ ኦፍ ቀናችን ላይ አብራ በሚሏት ጀልባ ክሪኩን፣ ከተማውን የሚከፍለውን የባሕር ሰርጥ፣ ተሻገርን። የጀልባዋ ሒሳብ አንድ ድርሃም ነው፣ ነፋሱ በነጻ። በር ዱባይ፣ ሚና ባዛር የሚባለው የህንዶች ገበያ ወሰደችኝ። ፓኒ ፑሪ ልታስቀምሰኝ ነው። እንደ ሕፃን ጡጫ የምታህል፣ ውስጧ ባዶ የሆነ፣ የደረቀች ኳስ። ሻጩ በአውራ ጣቱ ይበሳታል፣ ድንችና ሽምብራ ይከታል፣ አረንጓዴ ቃሪያና ናና ያለበት ውሃ ውስጥ ይነክርና አንድ በአንድ ያቀብላል። ጓደኛዬ "ሙሉውን ነው" ብላኝ ነበር። እኔ ሰው ፊት አፌን እንደዚያ መክፈት አፈርኩና ገመጥኳት። ፈነዳች። ለኦፍ ቀን ብዬ ያጠብኩት ነጭ ሸሚዜ ላይ እስከ ወገቤ ወረደ። ሻጩ ምንም አላለም፤ ሁለተኛዋን እያቀበለኝ የራሱን አፍ በሰፊው ከፍቶ አሳየኝ። ሁለተኛዋን ዋጥኳት። ጎምዛዛ፣ ቃሪያ፣ ቅዝቃዜ፣ ሁሉም በአንዴ። ዓይኔ አለቀሰ። ስድስት በላሁ። እርጎ የሚፈስበትም ዓይነት አለ፣ ጾመኛ ይጠንቀቅ።

ካራማ ደግሞ ሞሞ አለ፣ የኔፓሎች ነው። በእንፋሎት የሚበስል የተቋጠረ ሊጥ፣ ከቀይ ማጣፈጫ ጋር። የሥራ ባልደረባዬ ኔፓላዊት ናት፣ የዶሮውን ስትጋብዘኝ የጎመኑን መረጥኩ። የሥጋ ነገር እዚህ ላለነው ክርስቲያኖች የየራሳችን ጣጣ ነው፤ የበላም ያልበላም አለ፣ እኔ ማንንም አልናገርም። ማጣፈጫው ግን ዳጣን ያስታውሳል። ያልተዋጠልኝ አንድ ነገር ቢኖር ፖሮታ ውስጥ አይብ ቀብተው፣ ቺፕስ ኦማን የሚባለውን የድንች ቺፕስ አድቅቀው ነስንሰው የሚጠቀልሉት ነው። የአገሬው ልጆች ያብዱለታል። ለኔ ሳንዱች ውስጥ ቺፕስ መክተት ትምህርት ቤት እረፍት ሰዓት ላይ የምንሠራው ነገር ነው።

ሽማግሌው አሁን ቀኖቼን ያውቃቸዋል። ረቡዕና አርብ ከመንገዱ ማዶ ሲያየኝ ትንሿን ብርጭቆ ያነሳል። አልጠየቅኩትም፣ አላስረዳሁትም፣ ቆጥሮ ደርሶበት ነው። ባለፈው ፋሲካ በዋለ በመጀመሪያው ረቡዕ ደረስኩ። ሱለይማኒው ተቀድቶ ሎሚው ተጨምቆ ይጠብቀኛል።

"ካራክ" አልኩት።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ዞሮ አየ። ረቡዕ ነው። እኔን አየ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም እንደሌለ በምን ቋንቋ ላስረዳው? "ኢድ" አልኩት፣ "ረጅም ኢድ።" ሃምሳን በጣቶቼ አሳየሁት። ካራኩን ቀዳልኝ፣ ግን አላመነኝም፤ የሃይማኖቴን ነገር እየታዘበ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል። ሱለይማኒውን ራሱ ጠጣው።