ሬጂስተሩ ቀላሉ ነው፤ ጣጣው ባሱ ላይ ነው

ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉ አንድን ካርድ የሚያነጋግርበትን ኮድ፣ ልጽፍ ነው የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያወርደው የቺፑን ዳታሺት ነው። ገጽ በገጽ ያነበዋል፣ ሬጂስተሮቹን (ቺፑ የሚታዘዝባቸውንና ሁኔታውን የሚናገርባቸውን የቁጥር ሳጥኖች) ያሰምርባቸዋል፣ ከዚያ አንድ ሄደር ፋይል ከፍቶ ሁሉንም በተራ ይደረድራቸዋል። አልቃወምም፣ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። ግን ዋናው ሥራ እሱ አይመስለኝም። ሬጂስተር ላይ መጻፍና ከሬጂስተር ማንበብ ማንም የሚችለው ነገር ነው። በጸሐፊው ማሽን ላይ ሲሠራ የከረመ ድራይቨር ሰው ማሽን ላይ ሄዶ ጉድ የሚያፈላው፣ ብዙውን ጊዜ በሲፒዩውና በካርዱ መሃል ያለው መንገድ፣ ባስ የሚባለው፣ ጠባዩ ስላልታወቀ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ መንገድ ነው። ምሳሌዬ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለው የካርዶች ባስ (የፒሲአይ ተከታይ)፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ደግሞ ሊኑክስ። በሌላ ሲስተም ስሞቹ ይለያዩ እንጂ ጣጣው ያው ነው።

ፒሲአይ በ1992 ሲመጣ፣ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገሩ ፍጥነቱ አይደለም። ካርዱ ራሱን ማስተዋወቁ ነው። ከዚያ በፊት አይኤስኤ በሚባለው የድሮ ባስ ካርዶች ዘመን አድሬሱንና የኢንተራፕት (ካርዱ ሲፒዩውን «ስማኝ» የሚልበት ጥሪ) ቁጥሩን ሰው በእጁ ጃምፐር እየነቀለና እየሰካ ነበር የሚመድበው። ሁለት ካርዶች አንድ ቁጥር ላይ ከተጋጩ በቃ፣ ፍለጋ ነው። ፒሲአይ ላይ ግን ከርነሉ ተራ በተራ ይጠይቃል። እስከ 256 ባስ፣ በእያንዳንዱ ባስ እስከ 32 ዲቫይስ፣ በእያንዳንዱ ዲቫይስ እስከ 8 ፈንክሽን ሊኖር ይችላል። በየቦታው የመጀመሪያዎቹን 16 ቢቶች ያነባል፣ እነሱ የአምራቹ መለያ ናቸው። ቀጣዮቹ 16 የዲቫይሱ መለያ ናቸው። የኢንቴል መለያ በሄክስ 8086 ነው። አዎ፣ ያው የድሮው ፕሮሰሰራቸው ቁጥር፣ መሐንዲሶችም ቀልድ ያውቃሉ።

ቦታው ባዶ ከሆነስ? የሚመልስ ስለሌለ ሁሉም ቢቶች 1 ሆነው ይነበባሉ። ያ ቁጥር ለማንም አምራች የማይሰጠውም ለዚህ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ። እዚህ ባስ ላይ የሌለ ካርድ ስታነቡ ለድራይቨራችሁ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ የኤረር ኮድ ሳይሆን ደህና ቁጥር የሚመስል ነገር ነው።

መለያው ከተነበበ በኋላ ከርነሉ የድራይቨሮችን ሰንጠረዥ ያያል። ድራይቨራችሁ «እኔ ይህን አምራችና ይህን ዲቫይስ አውቃለሁ» ብሎ ካስመዘገበ፣ ፕሮብ የሚባለው ፈንክሽናችሁ ይጠራል። ከአፕሊኬሽን ወደ ከርነል የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ግር የሚለው ይኼ ነው። ሜይን የለም። ኮዱ ራሱ ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ሞጁሉ ሲጫን ስሙን ያስመዘግባል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ካርዱ ከሌለ ፕሮብ በጭራሽ ላይጠራ ይችላል፣ አራት ተመሳሳይ ካርዶች ካሉ ደግሞ አራት ጊዜ ይጠራል። ስለዚህ የካርዱን ሁኔታ ግሎባል ቫሪያብል ውስጥ የምታስቀምጡ ከሆነ ሁለተኛው ካርድ የተሰካ ዕለት ነገር ይበላሻል። ለእያንዳንዱ ካርድ የራሱ ስትራክት ይኑረው።

ለመለማመድ እውነተኛ ካርድ አያስፈልጋችሁም። ኪውኢኤምዩ በሚባለው፣ ቨርቹዋል ማሽን በሚያስነሳው ፕሮግራም ውስጥ ኢዲዩ የሚባል ለማስተማር ብቻ የተሠራ የፒሲአይ ዲቫይስ አለ። የአምራች መለያው በሄክስ 1234 ነው። ፋክቶሪያል ያሰላል፣ ኢንተራፕት ይልካል፣ ዲኤምኤ (ካርዱ ራሱ በቀጥታ ሜሞሪ ላይ መጻፍና ከሜሞሪ ማንበብ) ይሠራል። ለሌላ ለምንም አይጠቅምም፣ ግን ባሱን ለመማር ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ማሽኑን ደግማችሁ ደጋግማችሁ ብትጥሉትም ቨርቹዋል ነው፣ ዳግም ማስነሳት ነው።

ኢዲዩ 1 ሜጋባይት የሚያህል የሬጂስተር መስኮት አለው። ይህ መጠን እንዴት ታወቀ? ካርዱ «ይህን ያህል ሜሞሪ ስጡኝ» ብሎ በቁጥር አይናገርም። ከርነሉ የአድሬስ ሬጂስተሩ ላይ ሁሉንም 1 ይጽፍና መልሶ ያነበዋል። ካርዱ የማይጠቀምባቸው የታች ቢቶች ዜሮ ሆነው ይመለሳሉ። ታችኞቹ 4 ቢቶች የዓይነት ምልክት ስለሆኑ ለጊዜው እንርሳቸው። ከእነሱ ጋር ታችኞቹ 20 ቢቶች ዜሮ ከሆኑ መስኮቱ 1 ሜጋባይት ነው ማለት ነው። ብልሃቱ ደስ ይለኛል። ይህን ግን እናንተ አትሠሩትም፣ ፕሮብ ሲጠራ ከርነሉ ጨርሶታል። አድሬሱንም በቀጥታ ከካርዱ አታንብቡ፣ ከከርነሉ ጠይቁ። አንዳንድ ማሽኖች ላይ ባሱ የሚያየው አድሬስና ሲፒዩው የሚያየው አድሬስ አንድ አይደሉም።

አሁን መስኮቱን ማፕ አድርጋችሁ (ከድራይቨራችሁ እንዲደረስበት አገናኝታችሁ) ፖይንተር ይዛችኋል። ፈተናው እዚህ ይጀምራል፣ ምክንያቱም የሲ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እጁ በቀጥታ በፖይንተሩ ወደሚያነብበትና ወደሚጽፍበት ኮከብ ምልክት ይሄዳል። አይሆንም። ኮምፓይለሩ ሁለት ጽሑፎችን ሊያዋህድ፣ ንባብን ሊዘል፣ ቅደም ተከተል ሊያዛባ ይችላል። ሪድኤልና ራይትኤል የሚባሉት የከርነሉ የማንበቢያና የመጻፊያ ፈንክሽኖች የተሠሩት ለዚሁ ነው፣ እነሱን ተጠቀሙ። ስፓርስ የሚባለውን መመርመሪያ ብታስኬዱትም እንዲህ ያለውን ፖይንተር ያጋልጥባችኋል።

ኢዲዩ ላይ ከዜሮ ሲቆጠር 4ኛው ባይት ላይ የሚጀምር አንድ ሬጂስተር አለ። የጻፋችሁበትን ቁጥር ቢቶቹን ገልብጦ ይመልሳል፣ ካርዱ በሕይወት መኖሩን ለማየት ነው። ብዙ ሰው ለሙከራ መጀመሪያ የሚጽፈው ዜሮ ነው። ዜሮ ተገልብጦ ምን ይሆናል? ሁሉም 1። የሌለ ካርድስ ምን ይመልሳል? ሁሉም 1! ሙከራው አለፈ ብላችሁ ቡና ልትጠጡ ትነሳላችሁ፣ ካርዱ ግን ላይኖር ይችላል። ዜሮና አንዱ የተቀላቀለበት ቁጥር ጻፉ።

ፋክቶሪያሉም ላይ ያው ወጥመድ አለ። 8ኛው ባይት ላይ 5 ትጽፋላችሁ፣ ስሌቱ እስኪያልቅ የስታተስ ሬጂስተሩ የመጀመሪያ ቢት 1 ሆኖ ይቆያል፣ ሲያልቅ 120 ታነባላችሁ። ቀላል ነው፣ «ቢቱ 1 እስከሆነ ድረስ ዙር» የምትል ሉፕ ትበቃለች። ካርዱ መሃል ላይ ቢነቀልስ? እያንዳንዱ ንባብ ሁሉም 1 ይሆናል፣ ስለዚህ ያ ቢትም ለዘላለም 1 ነው። ከርነል ውስጥ ማለቂያ የሌለው ሉፕ ማለት ደግሞ አንድ የተዘጋ ፕሮግራም ማለት አይደለም፣ አንድ ሲፒዩ ተሰረቀ ማለት ነው። ስታተስ የሚጠብቅ ሉፕ ሁሉ የጊዜ ገደብ ይኑረው። ከርነሉ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ማክሮ አለ፣ በእጅ መጻፍም አያስፈልግም።

ወደ መጻፍ እንምጣ፣ ሰው ሁሉ የሚስተው ይኼኛውን ነው። ራይትኤል ተመለሰ ማለት ቁጥሩ ካርዱ ጋ ደረሰ ማለት አይደለም። ደብዳቤ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከትቶ እንደመሄድ ነው። ሲፒዩው አደራውን ለባሱ ሰጥቶ ወደ ቀጣዩ ሥራው ይሄዳል፣ ጽሑፉ መሃል ያለ ብሪጅ (ባሶችን የሚያገናኝ ቺፕ) ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አሁን ይህን ኮድ አስቡት፦ ሪሴት ቢቱን ጻፍ፣ 10 ማይክሮሰከንድ ጠብቅ፣ ሪሴቱን አንሳ። ወረቀት ላይ እንከን የለውም። ነገር ግን ሁለቱ ጽሑፎች ተከታትለው ካርዱ ጋ ቢደርሱ ካርዱ ያየው የሪሴት ጊዜ ከ10 ማይክሮሰከንድ በጣም ያንሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከጻፋችሁ በኋላ ከዚያው ካርድ አንድ ነገር አንብቡ። ንባብ መልስ ስለሚፈልግ ሲፒዩው ቆሞ ይጠብቃል፣ ከፊቱ ያለውን ጽሑፍም ገፍቶት ይሄዳል። ንባብ ግን ውድ ነው። የትም ቦታ ላይ «ለጥንቃቄ» እያላችሁ አትበትኑት፣ ጊዜው በእውነት የሚለካበት ቦታ ላይ ብቻ።

ኢንተራፕትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የድሮው ዓይነት ኢንተራፕት መስመር በብዙ ካርዶች የጋራ ነው። መስመሩ ሲነሳ ከርነሉ የሁሉንም ድራይቨር በር ያንኳኳል። የእናንተ ፈንክሽን የራሱን ካርድ የስታተስ ሬጂስተር አይቶ፣ የእሱ ካልሆነ «እኔ የለሁበትም» ብሎ መመለስ አለበት። ሁሉም የለሁበትም ካሉ ከርነሉ ይቆጥራል። ከ100,000 ኢንተራፕት ውስጥ ከ99,900 በላይ ባለቤት ካጣ ማንም ግድ አልሰጠውም የሚል መልእክት ሎጉ ላይ አውጥቶ መስመሩን ይዘጋዋል። መስመሩን የሚጋራው ምስኪን ካርድም አብሮ ይቀጣል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ «የእኔ ነው» ብሎ የሚመልስ ድራይቨር የሚያናድደኝ። የሎጉን ማስጠንቀቂያ ዝም ያሰኛል፣ ችግሩን ግን ይደብቃል።

አዲሱ ዓይነት፣ ኤምኤስአይ የሚባለው፣ መስመር የለውም። ካርዱ አንድ የተወሰነ አድሬስ ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ ያ ራሱ ኢንተራፕት ነው። ይህ የሽቦ ቁጠባ ብቻ አይደለም። ካርዱ ዳታውን በዲኤምኤ ሜሞሪ ላይ ጽፎ ከዚያ ኢንተራፕት ቢልክ፣ ሁለቱም በአንድ መንገድ ስለሚሄዱ በተለመደው የባሱ ሕግ ኢንተራፕቱ ዳታውን ቀድሞ አይደርስም። በድሮው መስመር ግን ኢንተራፕቱ ቀድሞ ሊደርስና ድራይቨራችሁ ያልደረሰ ዳታ ሊያነብ ይችላል። ምርጫ ካላችሁ ኤምኤስአይን ምረጡ። ለካርዱ የባስ ማስተር ፈቃድ፣ ማለትም በራሱ ሜሞሪ ላይ የመጻፍና የማንበብ ፈቃድ፣ መስጠት ግን አትርሱ፣ ኢንተራፕቱ ራሱ የሜሞሪ ጽሑፍ ስለሆነ ያለዚያ ካርዱ ጭጭ ይላል።

ፈቃዱን መቼ ትሰጣላችሁ የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ፕሮብ ሲጠራ ካርዱ ንጹህ ነው ብላችሁ አታስቡ። ፈርምዌሩ (ማሽኑ ሲነሳ ከከርነሉ በፊት የሚሠራው ሶፍትዌር) ወይም ቀድሞ የነበረው ከርነል ሥራ ላይ ትቶት ሊሆን ይችላል። የምትሰጡት ፈቃድ የትናንት ዲኤምኤ እንዲቀጥል በር ይከፍታል። ስለዚህ መጀመሪያ ማፕ አድርጉ፣ ካርዱን ጸጥ አሰኙ፣ ከዚያ ፈቃዱን ስጡ፣ ኢንተራፕቱን በመጨረሻ አስመዝግቡ። የኢንተራፕት ፈንክሽኑ በተመዘገበበት ቅጽበት ሊጠራ ይችላል፣ የሚነካው ስትራክት ያኔ ሙሉ መሆን አለበት።

ስለ ዲኤምኤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ኢዲዩ በዲፎልት የሚያውቀው 28 ቢት አድሬስ ነው፣ ማለትም 256 ሜጋባይት። ይህን ለከርነሉ ካልነገራችሁት ከዚያ በላይ ያለ ቦታ ሊሰጣችሁ ይችላል። ያኔ ዲቫይሱ አድሬሱን ቆርጦ የተረፈውን ይጠቀማል፣ ዳታችሁም የሌላ ሰው ሜሞሪ ላይ ያርፋል። ኪውኢኤምዩ ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ያትማል። እውነተኛ ካርድ ምንም አይላችሁም፣ አይኦኤምኤምዩ (የካርዶችን የሜሞሪ ንክኪ የሚቆጣጠር ክፍል) ያለው ማሽን ካልያዘው በቀር። ማስኩን፣ ማለትም ያንን የአድሬስ ቢት ገደብ፣ የማዘጋጀት ጥሪው አንድ መስመር ነው፣ ፕሮብ ውስጥ ግቡና ጻፉት፣ የመለሰላችሁንም አረጋግጡ።

የቀረው መውጫው ነው። ሪሙቭ የሚባለው ፈንክሽን የፕሮብ ግልባጭ ነው፣ የመጨረሻው መጀመሪያ ይፈርሳል። ከርነሉ ራሱ የሚያጸዳላቸው የዴቭኤም ጥሪዎች ሕይወት ያቀላሉ፣ ግን አንድ ነገር አላቸው፣ የሚጸዱት ሪሙቭ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሪሙቭ ውስጥ ሜሞሪ በእጃችሁ ነጻ ካደረጋችሁና ኢንተራፕቱን ለዴቭኤም ከተዋችሁት፣ በመሃል የሚመጣ ኢንተራፕት የተለቀቀ ሜሞሪ ይነካል። ወይ ሁሉንም ለእሱ ተዉለት ወይ ሁሉንም በእጃችሁ ያዙ፣ ድብልቅልቁ ነው የሚገድለው።

ይህን ለመሞከር ካርድ መንቀል አያስፈልግም። ሲስኤፍኤስ (ከርነሉ ዲቫይሶቹን እንደ ፋይል የሚያሳይበት ማህደር) ውስጥ በካርዱ ማህደር ሥር ሪሙቭ የሚባል ፋይል አለ፣ 1 ጻፉበት። ካርዱ ከሲስተሙ ይጠፋል። ሪስካን የሚለው ላይ 1 ስትጽፉ ይመለሳል። ድራይቨራችሁ ሥራ ላይ እያለ ይህን በስክሪፕት ደጋግሙት፣ እንዲሁም አንድ ፕሮግራም የድራይቨሩን ፋይል ከፍቶ እንደያዘ አድርጉት። ያኔ ካርዱ የለም፣ ፋይሉ ግን ክፍት ነው፣ ፕሮግራሙም ሪድ ሊጠራበት ይችላል። ስትራክቱን ሪሙቭ ውስጥ ነጻ ካደረጋችሁት ማሽኑ ይወድቃል። በማጣቀሻ ቆጣሪ ያዙት፣ ካርዱ መሄዱን የሚናገር ምልክት አኑሩበት፣ ለሪዱ ዲቫይሱ የለም የሚለውን ኤረር መልሱለት፣ ነጻ የሚያደርገው ደግሞ ፋይሉን መጨረሻ ላይ የሚዘጋው ይሁን።