ደመወዝህን የማይከፍል አለቃ

አንድ ጊዜ ሦስት ተቋማት ተዋጥተው የገዙትን የላብራቶሪ መሣሪያ አየሁ። አየሁ ስል ሸራውን ማለቴ ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ፣ ሸራ ለብሶ ጥግ ቆሟል። ውሉ ላይ ለግዢው ማን ስንት እንደሚያዋጣ እስከ ሳንቲሟ ተጽፏል። ሲበላሽ ማን ያሠራዋል የሚለው ግን አንድ መስመር እንኳ የለውም። ሦስቱም «ይሄ እኛን አይመለከትም» አሉ። የሚያናድደው ሦስቱም ልክ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የጋራ ምርምር ሲባል ስለ ግኝቱ ከመጠየቄ በፊት ስለ አስተዳደሩ መጠየቅ ልማድ ሆነብኝ። ማን ይወስናል? ማን ይከፍላል? ሲጣሉስ?

ሰርንንም ያነበብኩት በዚሁ ዓይን ነው። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለውን የቅንጣት ፊዚክስ ላብራቶሪ ማለቴ ነው፣ በ1954 በ12 አገራት የተመሠረተውን (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የበላይ ሥልጣን ያለው ምክር ቤቱ ነው። እያንዳንዱ አባል አገር ሁለት ሰው ይልካል፤ አንዱ መንግሥቱን፣ ሌላው የአገሩን ሳይንቲስቶች የሚወክል። ሰዎቹ ሁለት፣ ድምፁ ግን አንድ። ይህቺን አሠራር በጣም ወድጃታለሁ። ገንዘብ የያዘው ሰውና ምርምሩ የገባው ሰው አዳራሽ ውስጥ ሌሎቹን ከመግጠማቸው በፊት እርስ በርሳቸው መግባባት አለባቸው። መዋጮው በየአገሩ ገቢ ይሰላል፤ ስለዚህ ጀርመን ከቡልጋሪያ እጅግ የበለጠ ትከፍላለች። ምክር ቤቱ ላይ እጅ ሲወጣ ግን ሁለቱም አንድ አንድ ናቸው።

ምክር ቤቱ የፋይናንስ ኮሚቴ አለው። ለብቻው ደግሞ የሳይንስ ፖሊሲ ኮሚቴ አለ፤ አባላቱ የሚመረጡት በዕውቀታቸው እንጂ በዜግነታቸው አይደለም። ዋና ዳይሬክተሩንም የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት ዓመት።

እስከዚህ ድረስ ያው የማንኛውም ትልቅ ድርጅት ወግ ነው። ጉዱ ያለው ከዚህ በታች ነው።

ዋና ዳይሬክተሩ ቀጥሮ ደመወዝ የሚከፍላቸው ወደ 2,500 ሠራተኞች ናቸው። መሣሪያዎቹን የሚጠቀሙት ሳይንቲስቶች ግን ከ12,000 ይበልጣሉ፣ አብዛኞቹም ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከየዩኒቨርሲቲያቸው ነው። ልቆጣህ ቢል ምን ሊያደርግህ? ደመወዝህን አይቆርጥ፣ አያባርርህ። አትላስ የሚባለውን ሙከራ እንይ። ብቻውን ወደ 3,000 ሳይንቲስቶችና በ40 አገራት ገደማ የተበተኑ 180 ያህል ተቋማት አሉት። የራሱ ጉባኤ አለው፣ እዚያም ተቋማቱ በድምፅ ይወስናሉ። የሚመርጡት መሪ ደግሞ «ዳይሬክተር» ወይም «ፕሬዚዳንት» አይባልም፤ «ቃል አቀባይ» ነው የሚባለው። በየሁለት ዓመቱ ምርጫ አለ። ስሙ ላይ ልክህን እወቅ የሚል ነገር ያለበት ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለ ሰው ማዘዝ አይችልም፣ ማሳመን ብቻ ነው ያለው።

ገንዘቡንስ? የሚተሳሰሩት በመግባቢያ ሰነድ ነው። ሰነዱ ሕጋዊ አስገዳጅነት እንደሌለው ራሱ ይናገራል! ሳነበው ሳቄ መጣ። ቃሉን ያጠፈ ፍርድ ቤት አይቆምም፤ ግን 180 ተቋማት ፊት ቆሞ «አልቻልኩም» ማለት አለበት፤ እሱ ደግሞ ቀላል ቅጣት አይደለም። ያቺን ሸራ የለበሰች መሣሪያ ያስታወሰኝም ይሄው ሰነድ ነው፣ ምክንያቱም የጥገናው ነገር እዚህ በጥንቃቄ ተጽፏል። የጋራው የጥገናና የሥራ ማስኬጃ ወጪ የሚከፋፈለው እያንዳንዱ ተቋም ስማቸው በጥናቶቹ ላይ የሚሰፍር ስንት ባለ ፒኤችዲ ተመራማሪዎች እንዳሉት ተቆጥሮ ነው። ስምህ ከወጣ ተቋምህ ይከፍላል። በቃ። ክብሩና ዕዳው በአንድ ዝርዝር ላይ ስለተቀመጡ ሰው ዝም ብሎ ስም አያስገባም።

ዝርዝሩ ግን ረጅም ነው። አትላስና ሲኤምኤስ የሚባለው ሌላው የሰርን ትልቅ ሙከራ በ2015 አብረው ያወጡት አንድ ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች ነበሩት፤ ከ33 ገጾቹ 24ቱን የያዘው የስም ዝርዝር ነው። ስሞቹ የሚሰለፉት በፊደል ተራ ነው። ሌሊቱን ሁሉ ኮድ ስትጽፍ ያደረች ተማሪና በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ፕሮፌሰር እዚያ ላይ አይለዩም። ይህ ለእኔ ትልቅ እንከን ነው። የተማሪዋን ድካም የሚያውቀው የቡድን መሪዋ ብቻ ነው፣ ሥራ ፍለጋ ስትወጣ የምትይዘውም የእሱን ደብዳቤ ነው። በሌላ በኩል ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ረቂቁ ለመላው ቡድን ይበተናል፣ ማንም አባል አስተያየት መስጠት ይችላል፣ ለአስተያየቱም መልስ መሰጠት አለበት። ለምን ዓመት እንደሚፈጅ አሁን ገብቶኛል።

«ሁለት ባላ ትከል» ይባል የለ? ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ጎን ለጎን የተሠሩት አንዱ ቢሰበር በሌላው ለመንጠልጠል ብቻ አይደለም። አንዱ ሌላውን እንዲመሰክርበትም ነው። ሐምሌ 4 ቀን 2012 ለረጅም ዘመን ሲፈለግ የኖረውን ሂግስ ቦዞን የሚመስል አዲስ ቅንጣት መገኘቱ ሲነገር ሁለቱም ለየብቻቸው ያገኙትን ይዘው ነው የቀረቡት።

መዋጮ ሁልጊዜ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። አንዱ ማግኔት፣ አንዱ ሽቦ፣ አንዱ ኮምፒውተር ያመጣል። ሲኤምኤስ ለአንደኛው የዲቴክተሩ (ቅንጣቶቹን የሚመዘግበው ግዙፍ መሣሪያ) ክፍል ብዙ ናስ ባስፈለገው ጊዜ ከሩሲያ ባሕር ኃይል የተገኘ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የመድፍ ቀለሃ ቀልጦ ተሠራለት። ከዚያ የዩክሬን ጦርነት መጣ፣ ምክር ቤቱ ብዙ ተከራክሮ ከሩሲያ ጋር የነበረው የትብብር ስምምነት ኅዳር 30 ቀን 2024 እንዲያበቃ አደረገ። የመታወቂያ ካርድ ይመለሳል፣ የቢሮ ቁልፍ ይመለሳል። ናሱ ግን በዚያን ቀንም ከመሬት በታች ዲቴክተሩ ውስጥ እንደተገጠመ ነበር።