ከአዲስ ዓመቱ ሥዕል ወደ ኔጌቲቩ፦ የሁለት ዓመት የግምት ደብተሬ

በጥር 2023 አንድ ደብተር ገዛሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሽፋኑ ላይ «ምን ይወጣል?» ብዬ ጻፍኩበት። ክራይቴሪዮን የተባለው፣ የተመረጡ ፊልሞችን በዲስክ የሚያሳትም የአሜሪካ ድርጅት፣ በየወሩ 15 አካባቢ፣ ከሦስት ወር በኋላ በዲስክ የሚያወጣቸውን ፊልሞች ያሳውቃል። እኔ ከዚያ ቀድሜ ግምቴን ከነቀኑ አሰፍራለሁ። ቀኑ ሲደርስ ከዝርዝሩ ጋር አስተያያለሁ። ይኸው ነው።

ይህን የምጽፈው 2024 ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። እናንተም እንደ እኔ ወር በገባ ቁጥር ልባችሁ የሚንጠለጠል ከሆነ፣ የተማርኩት ነገር ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤቴ ይህ ነው፦ 24 ግምት፣ 4 የደረሰ። ጥፋቱ የት እንደነበር አሁን በደንብ ይታየኛል። ክራይቴሪዮን በየአዲስ ዓመቱ አንድ ሥዕል ይልካል። ሥዕሉ ውስጥ በዓመቱ የሚወጡ ፊልሞች ፍንጭ ተደብቋል። ያንን ሥዕል በስልኬ እያጎላሁ ሌሊቱን አጋመስኩት። ያየሁትን ሁሉ የምወደውን ፊልም አደረግሁት። ወንዝ ካለ ይኸኛው ነው፣ ባቡር ካለ ያኛው ነው። ምኞቴን ነበር የምጽፈው። ሥዕሉን ዛሬም እወደዋለሁ፤ ግን ሌላ ማስረጃ ያለው ግምት ማጠናከሪያ እንጂ መነሻ አላደርገውም።

መንገዴን ያስተካከሉልኝ ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድመው መሰብሰብ የጀመሩ ወዳጄ ናቸው። ከዲቪዲ በፊት የነበረው ሌዘር ዲስክ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ደብተሬን ቡና እየጠጣን አሳየኋቸው። አንዱን ርዕስ በጣታቸው ነኩና «ኔጌቲቩ የት ነው ያለው?» አሉኝ፤ ፊልሙ መጀመሪያ የተቀረጸበትን ጥቅል ማለታቸው ነው። አላውቅም አልኩ። «መብቱስ በማን እጅ ነው?» አሉ። እሱንም አላውቅም። ሌላ ምንም አላሉኝም። እኔ ግን ያን ቀን ማታ 24ቱንም ግምቶች በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መዘንኳቸው። መልስ ያገኘሁላቸው 6 ብቻ ነበሩ። ከደረሱት 4 ግምቶች 3ቱ ከእነዚያ 6ቱ ውስጥ ናቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የድሮ ፊልም ዲስክ ሥሩ እድሳቱ ነው፤ ያረጀውን ምስልና ድምፅ ማጽዳትና መጠገን ማለት ነው። ፊልሙ መጀመሪያ ይታደሳል። ከዚያ እንደ ካን ክላሲክስ ወይም እንደ ቦሎኛው ኢል ሲኒማ ሪትሮቫቶ ባሉ፣ የታደሱ የድሮ ፊልሞች በሚቀርቡባቸው የፊልም በዓላት ይታያል። ቀጥሎ በሲኒማ ቤቶች ይዞራል። ዲስክ የሚሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ጉዞ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? የማርቲን ስኮርሴዚ ወርልድ ሲኒማ ፕሮጀክት ካሳደሳቸው፣ ኋላም ክራይቴሪዮን ካወጣቸው ፊልሞች አራቱን ወስጄ ቆጠርኩ።

የጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ «ቱኪ ቡኪ» በ2008 ታደሰ፣ ዲስኩ በ2013 ወጣ። 5 ዓመት። የኤድዋርድ ያንግ «ኤ ብራይተር ሰመር ዴይ» በ2009 ታድሶ ዲስኩ የወጣው በ2016 ነው። 7 ዓመት! ያን ፊልም የጠበቁ ሰዎች ትዕግሥት ያስደንቀኛል። የሜድ ሆንዶ «ሶሌይ ኦ» ከ2017 እስከ 2020፣ 3 ዓመት። የሴኔጋላዊው ዳይሬክተር የኡስማን ሴምቤን «ብላክ ገርል» ከ2015 እስከ 2017፣ 2 ዓመት ብቻ። ስለዚህ አንድ ፊልም ዘንድሮ ታደሰ ሲባል ስሰማ፣ ለሚቀጥለው ወር አልጽፈውም። ደብተሬ ላይ «ከ2 እስከ 7» የሚል ገጽ ከፍቼለታለሁ።

ሁለተኛው ምልክት ጃነስ ፊልምስ ነው። ጃነስ ከ1956 ጀምሮ ያለ፣ የክራይቴሪዮን እህት የሆነ አከፋፋይ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ኤኤፍአይ ሲልቨር ሲኒማ ቤት ለእኛ ቅርብ ነው። የታደሰ ፊልም ለማየት ስገባ መብራቱ ጠፍቶ ያ ሁለት ፊት ያለው የጃነስ ምልክት ብቅ ካለ፣ ወጥቼ መኪና ውስጥ እንደተቀመጥኩ እጽፈዋለሁ። እስካሁን ካገኘሁት ፍንጭ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

በዚህ ዘዴ የደረሰልኝ ትልቁ ግምት ሴምቤን ነው። በኅዳር 2023 የጻፍኩት ምክንያት እንዲህ ይላል፦ «ብላክ ገርል» በ2017፣ «ማንዳቢ» በ2021 በክራይቴሪዮን ወጥተዋል፤ ስለዚህ ደራሲው ለቤቱ እንግዳ አይደለም። 2023 ደግሞ ከተወለደ 100ኛ ዓመቱ ነው። የታደሱ ፊልሞቹም በሲኒማ ቤቶች እየታዩ ነው። እኔ «ሃላ» ብቻውን ይወጣል ብዬ ነበር። በ2024 «ኤሚታይ»፣ «ሃላ» እና «ቼዶ» ሦስቱም በአንድ ሣጥን መጡ። ደስታዬን መግለጽ ይከብደኛል። ሣጥኑ የመጣ ዕለት ባለቤቴን «ነይ እይው» ብዬ ከኩሽና ጠራኋት።

ግን ግማሹን ስቻለሁ፤ ሣጥን ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። የሻንታል አከርማን ፊልሞችም በጥር 2024 የወጡት እንደዚሁ ተሰብስበው ነው፤ ከ1968 እስከ 1978 የሠራቻቸው። አሁን የአንድ ዳይሬክተር ሁለት ሦስት ፊልም ተከታትሎ ከታደሰ «ሣጥን?» ብዬ ጎኑ ላይ አሰፍራለሁ።

ሦስተኛው ምልክት እንግሊዝ አገር ነው። እዚያ በሕግ፣ ፊልም በዲስክ ከመሸጡ በፊት ቢቢኤፍሲ የተባለው ተቋም የዕድሜ ደረጃ ይሰጠዋል። ውሳኔው ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ያቀረበው ድርጅት ስምም ይጻፋል። አንድ የ1960ዎቹ ፊልም ድንገት አዲስ ደረጃ ካገኘ፣ ሰው ያለ ምክንያት አላስመዘገበውም። ለአሜሪካ እትም ማረጋገጫ አይሆንም፤ እንደ ቢኤፍአይ፣ አሮው እና ራዲያንስ ያሉትን የእንግሊዝ አሳታሚዎች ለሚከታተል ግን ወርቅ ነው።

መብት ማለቁንም መከታተል አለ። በ2010 አካባቢ ክራይቴሪዮን ስቱዲዮካናል ከተባለው የፈረንሳይ ፊልም ድርጅት ያገኘው መብት ሲያልቅበት «ዘ ሰርድ ማን»ን ጨምሮ በርካታ ርዕሶች ከመደርደሪያ ወረዱ። አንድ ፊልም ከገበያ ከጠፋ ሌላ አሳታሚ ሊያወጣው ይችላል፤ ስለዚህ የጠፉትንም እመዘግባለሁ።

እግረ መንገዴን የሪጅን ነገር ላንሳ፣ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚወስነውን ማለቴ ነው፤ ብዙ ሰው ስለማያስብበት ነው። በ2023 ለገና አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ብሉ ሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ዲስክ) ላክሁላት። እኔ በጉጉት ጠብቄ የገዛሁት ፊልም ነበር። ማጫወቻዋ አልቀበልም አለ። የአሜሪካ ብሉ ሬይ አብዛኛው ሪጅን ኤ ነው፤ አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ሪጅን ቢ ናቸው። በዲቪዲ ደግሞ አሜሪካ 1፣ አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያ 5 ነች። ዲስኩን ለሰው አስይዞ ለመመለስ አራት ወር ፈጀብን። ከብሉ ሬይም የጠራውን የ4ኬ ዲስክ ግን ሪጅን አይገድበውም። ስለዚህ አገር ቤት ወይም ዱባይ ላለ ሰው የምታስቡ ከሆነ፣ ማጫወቻው 4ኬ መሆኑን ጠይቁና 4ኬውን ጠብቁ። ሣጥኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ብሉ ሬይ ግን እንደ ሌላው ሪጅን ኤ ሊሆን ይችላል።

የ2024 ውጤቴ፦ 11 ግምት፣ 5 የደረሰ። ግምቱ ያነሰው ሁለቱን ጥያቄዎች የማያልፈውን ስለማልጽፍ ነው።

አንዱን ግን ሁለቱንም ዓመት ጽፌዋለሁ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»። በ1974 አገራችን ውስጥ፣ ያ ሁሉ ለውጥ ሲካሄድ፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ፊልም ነው። ተዋናዮቹ ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎች ናቸው። ገበሬው በሬውን ሲጠምድ፣ ጌታው ወንበር ላይ ሆኖ ሲቆጣ፣ አማርኛው ያለ ትርጉም ጽሑፍ ጆሮዬ ሲገባ ምን እንደሚሰማኝ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያን በጥሩ እድሳት፣ ከነቃለ ምልልሱና ከነመጽሔቱ መደርደሪያዬ ላይ ማየት እፈልጋለሁ።

ለዚህ ፊልም የተለመደው መንገድ አይሠራም። ኃይሌ ገሪማ ፊልሞቻቸውን የሚያከፋፍሉት በራሳቸው ድርጅት ነው፤ ዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ሳንኮፋ የተባለ የፊልምና የመጻሕፍት መደብር አላቸው። በ2021 «ሳንኮፋ» በ4ኬ ታድሶ ሲወጣ መንገዱ አሬይ በተባለው አከፋፋይ በኩል ወደ ሲኒማ ቤትና ወደ ኔትፍሊክስ ነበር። ስለዚህ የጃነስን ምልክት መጠበቁን ትቼ፣ ባለፈው ወር መደብሩ ድረስ ሄድኩ። መጽሐፍ ገዛሁ፣ ቡና ጠጣሁ፣ መደርደሪያውን አየሁ። በየወሩ ለመሄድ ወስኛለሁ።

የ2025 ገጽ ላይ እስካሁን ሁለት መስመር አለ። አንዱ የሴምቤን «ካን ደ ቲያሮይ» ነው፤ በ2024 በካን ክላሲክስ ታድሶ ታይቷል፣ ስለዚህ «ከ2 እስከ 7» ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ከጎኑ ሁለቱ ጥያቄዎች አሉ። የመብቱን ሞልቼዋለሁ። የኔጌቲቩ ገና ባዶ ነው፤ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።